ካላማዳሪ የታጠቀው ሾፌር

ደስታውና ማንጠግቦሽ ከአንድ ማኅፀን መውጣታቸውን ለማያውቅ ሰው፣ ሁለቱን ጎን ለጎን አቁሞ «ወንድምና እኅት ናቸው» ማለት ቀልድ ይመስል ነበር። ደስታው በር የሚሞላ፣ ድምፁ ከመኪናው ክላክስ የማያንስ፣ ሲስቅ ጠረጴዛ ላይ ያለ ብርጭቆ የሚያንቀጠቅጥ ሰው ነበር። ማንጠግቦሽ ቀጭን፣ ድምፀ ለስላሳ፣ አንዲት ቃል ከመናገሯ በፊት ሦስት ጊዜ የምታስብ የሳይንስ አስተማሪ ነበረች። እሱ ከአራተኛ ክፍል ወጥቶ መሪ ጨበጠ፤ እሷ ከመምህራን ማሠልጠኛ በማዕርግ ተመረቀች። እሱ ከአሰብ እስከ አዲስ አበባ ያለውን መንገድ ኩርባ በኩርባ፣ ጉድጓድ በጉድጓድ ያውቀዋል፤ እሷ መኪና ላይ ከወጣች ገና ሞተሩ ሳይሞቅ ሎሚ የምታሸት ናት። ይሁን እንጂ ዳገትና ገደል የማይፈራው ደስታው፣ በዓሥራ አንድ ዓመት ምልልሱ አንድ ቀን እንኳ እግሩን ከአሰብ ባሕር ነክሮ አያውቅም። ማንጠግቦሽ ደግሞ ለማስተማር ወደ አሰብ ከመጣች ሦስት ዓመቷ ነው፤ እሑድ እሑድ የምትገኘው ባሕር ላይ ነው።

በጥር ወር ፲፱፻፷፪ ዓ.ም. ደስታው ቡና ጭኖ ወደ አሰብ ሲወርድ፣ ከቡናው ሁሉ የከበደው በደረት ኪሱ የያዘው አንድ ወረቀት ነበር። ወረቀቱ ማንጠግቦሽ ወደ ደሴ እንድትዛወር የሚፈቅድ ደብዳቤ ነው። አጎታቸው አቶ ወሰኔ ስምንት ወር ሙሉ የትምህርት ጽሕፈት ቤቱን ደጅ ጠንተው ያስገኙት ሲሆን፣ የቀረው የእሷ ፊርማ ብቻ ነበር። እናታቸው ወይዘሮ ላቀች ግን ወረቀት ብቻውን ልጅ እንደማያመጣ ስለሚያውቁ፣ በመነሻው ዋዜማ የደስታውን ኮሌታ ይዘው፣ «ጥግ በሌለበት አገር፣ ዘመድ በሌለበት አገር፣ ውሃ ዳር ተጥላ ልትቀር ነው?» ብለው አለቀሱ። የእናቱን እንባ ማየት የማይሆንለት ደስታው፣ ዘመድ አዝማድ በሞላበት ቤት ብድግ ብሎ እጁን አነሣ።

«ማንጠግቦሽን ሳልይዝ ይህን ደጃፍ ብረግጥ፣ የአባቴ አጥንት እሾህ ሆኖ ይውጋኝ!»

 በእነሱ ቤት በአባት አጥንት የተማለ ቃል አይመለስም። ሟቹ አባታቸው በአንድ የንዴት ቀን ጎረቤታቸው ቤት እንዳይገቡ በዚሁ ዓይነት ምለው፣ በማግሥቱ ቢታረቁም እስከ ዕለተ ሞታቸው ድረስ ከዚያ ጎረቤት ጋር የተጫወቱት በአጥር ላይ ተንጠልጥለው ነበር።

ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ደስታው ከእኅቱ ቤት ደርሶ ወረቀቱን ከፊቷ ዘረጋው።

«ፈርሚና ሰኞ ጠዋት እንሂድ» አላት። «ጭነቴን ነገ ማታ ይጨርሱልኛል፤ ጋቢናው እንደሆነ ሰፊ ነው።»

ማንጠግቦሽ አንብባ፣ አጣጥፋ መለሰችለት። እንደ ልማዷ ሦስት ጊዜ አሰበች።

«ጋሼ፣ ካንተ ጋር አልከራከርም። ነገ ከእኔና ከእሑድ ጓደኞቼ ጋር ባሕር ትወጣለህ። ተመልሰህ ‹ተነሺ› ካልከኝ እነሣለሁ፤ አንድ ቃል አልመልስልህም።»

«ባሕር? እኔ ባሕር ላይ ምን ልፈጥር?»

«ዶልፊኖቹን ልታይ።»

«ዓሣ ለማየትማ ገበያ መች ጠፋ!»

«ዓሣ አይደሉም እኮ። ወልደው የሚያጠቡ እንስሳት ናቸው።»

ደስታው ሳቀ፤ ብርጭቆዎቹም አብረውት ጮኹ። «የኔ እኅት፣ እማዬ የፈራችው ይህንኑ ነው! ሙቀቱ ወደ አናትሽ ወጥቷል።»

ማንጠግቦሽ አልተቀየመችም። ከመደርደሪያዋ ሦስት ወፋፍራም ደብተሮች አውርዳ ከፈተችለት። ሦስት ዓመት ሙሉ፣ የእያንዳንዱ እሑድ ቀን፣ ሰዓት፣ የነፋሱ አቅጣጫ፣ የታዩት ዶልፊኖች ቁጥር ተጽፏል። የእያንዳንዳቸው የጀርባ ክንፍ በእርሳስ ተሥሏል፤ አንዱ ጫፉ የተቆረጠ፣ አንዱ የተጠማዘዘ፣ አንዱ እንደ መጋዝ የተሸራረፈ።

«ይህችኛዋ መጋዞ ናት» አለች በጣቷ እየነካቻት። «እርጉዝ ነበረች። ሦስት እሑድ አልታየችም፤ ወልዳ ይሆናል። ከሄድኩ ግን ደብተሩ እዚህ ገጽ ላይ ይቆማል። ከእኔ በኋላ የሚቀጥለው የለም።»

ደስታው ሥዕሉን ትኩር ብሎ አየ። ከሥዕሉ ይልቅ የገረመው ድምፀ ለስላሳዋ እኅቱ ይህን ስትናገር ድምፅዋን ከፍ ማድረጓ ነበር። «እሺ፣ እወጣለሁ» አለ። በልቡ ግን፣ አንድ ጠዋት ጥርስን ነክሶ መቀመጥ ነው፣ ከዚያ ሻንጣዋን መጫን ነው ብሎ ተጽናና።

በማግሥቱ ጠዋት የእሑዱ ቡድን ከዓሣ አጥማጆቹ ዳርቻ ተሰብስቦ ነበር። ሁልጊዜ የሚመጡት ጥቂት ናቸው፤ የሆስፒታሉ ነርስ ትሩፋት፣ ለቀልድ የተፈጠረው የፖስታ ቤቱ ክንፈ፣ ማንጠግቦሽ፣ እንዲሁም የጀልባዋ ባለቤት ናኾዳ ሐመዱ። ናኾዳ ማለት የጀልባ አዛዥ ማለት ነው፤ እኚህ ከአሰብ በስተ ደቡብ ካለችው የባሕር ዳር መንደር ከራሔይታ የመጡ ሰው ጺማቸውን በሂና ያቀሉ፣ ከመሬት ይልቅ ውሃ ላይ ቀጥ ብለው የሚሄዱ ሽማግሌ አፋር ነበሩ።

ደስታው ብቅ ሲል ሁሉም ዘወር ብለው አዩት። ከመኪናው ትርፍ ጎማ ውስጥ የሚነፋውን ካላማዳሪ አውጥቶ፣ እስኪወጠር ነፍቶ፣ ወገቡ ላይ አጥልቆታል፤ እንዳይወርድበት በጭነት ገመድ ከሁለቱ ትከሻዎቹ ጋር አስሮታል። ክንዶቹ ወደ ታች አልወርድ ስላሉት፣ ሊበር እንደሚያኮበኩብ ሰጎን ዘርግቷቸው ይመጣል።

ሽርጡን እያጠበቀ የነበረው ክንፈ ቀድሞ አፉን ከፈተ። «ጋሽ ደስታው፣ እንደምን አደሩ! ተሳቢውን የት አቆሙት?»

«አንተ ሳቅ። ውሃ ሲገባብህ እንነጋገራለን።»

«ቢተነፍስብዎስ? ክሪክና መለጠፊያ ይዘዋል?»

«ተወው፣ አንተ!» አለች ትሩፋት ሳቋን በነጠላዋ ጫፍ አፍና። «ጀልባዋ ብትገለበጥ ሁላችንም የምንንጠለጠለው እሱ ላይ ነው።»

ማንጠግቦሽ ዓይኖቿን ወደ አድማሱ አዙራ ነበር፤ ትከሻዋ ግን በሳቅ ይንቀጠቀጣል። ናኾዳ ሐመዱ ወንድሟን ከላይ እስከ ታች ካዩት በኋላ፣ «ሰላም ዓለይኩም» አሉ በትልቅ ክብር። «መኪና ያለ ጎማ አይሄድም። ግባ።»

ጀልባዋ አንዲት ትንሽ ሞተርና አንድ ሸራ ያላት፣ ሳምቡክ የሚሏት የእንጨት ጀልባ ነበረች። ደስታው ከገባ በኋላ መጀመሪያ ያደረገው ነገር በዕድሜ ልክ ሥራው የተማረውን ነበር፤ ያልታሰረ ጭነት ይወድቃል። ስለዚህ የቀረውን ገመድ መዞ፣ ራሱን ከሸራው ምሰሶ ጋር ሦስት ዙር አዙሮ፣ በዳገት የማይፈታውን የሾፌሮች ቋጠሮ ቋጠረበት። ናኾዳው ጎንበስ ብለው ቋጠሮውን በጣታቸው መረመሩት።

«ማሻአላህ! እንዲህ ያለ ቋጠሮ አይቼ አላውቅም። ማንም አይፈታውም።»

«ለዚህ ነው እኮ!» አለ ደስታው በኩራት።

«ታዲያ ጀልባዋ ወደ ታች ብትሄድ አብረሃት ትሄዳለህ።»

ደስታው ጥቂት አሰበ። ከዚያም እነዚያ ወፋፍራም ጣቶቹ፣ ማንም አይፈታውም የተባለውን ቋጠሮ፣ በዓይን እርግብታ ፈቱት።

የጨው ማምረቻው ነጭ ክምር ከኋላቸው እያነሰ፣ ወደቡም ላይ የቆሙት መርከቦች መጫወቻ እየመሰሉ ሄዱ። ጀልባዋ ወደ ራሔይታ አቅጣጫ አንድ ሰዓት ያህል ከተጓዘች በኋላ፣ ናኾዳ ሐመዱ ሞተሩን አጠፉ።  ሽማግሌው በእንጨት ቁራጭ የጀልባዋን ሆድ ሦስት ጊዜ፣ ቆም ብለው ሦስት ጊዜ መቱ።

«እኛም ጎማ እንዲህ እንመታለን» አለ ደስታው ፍርሃቱን በወሬ ሊሸፍን። «በድምፁ ነፋሱን እናውቃለን።»

«እኔ ደግሞ ጎረቤት እጠራለሁ» አሉ ናኾዳው።

ጎረቤቶቹም መጡ። መጀመሪያ ውሃው ጥቂት ተሸበሸበ፤ ቀጥሎ አንድ ግራጫ ጀርባ እንደ ጎማ ተንከባሎ ተመልሶ ገባ፤ ከዚያ አምስት፣ ከዚያ ዓሥራ ሁለት፣ ከዚያ ማንጠግቦሽ እንኳ ቆጥራ የማትጨርሳቸው ሆኑ። ሞተሩ እንደገና ሲነሣ ከጀልባዋ ፊት ተደርድረው መሮጥ ጀመሩ። አንዱ በግራ መጥቶ ሌላውን ሲቀድም፣ አንዱ ከሥር ሾልኮ ወደ አየር ሲፈናጠር፣ ደስታው ራሱን ሳያውቀው ብድግ አለ።

«እዩት፣ እዩት ይሄን! ያለ ምልክት ደረበ! በኩርባ ላይ! መንጃ ፈቃድ የሰጠው ማነው!»

ክንፈ የጀልባዋ ወለል ላይ ተዘርግቶ ሳቀ። ደስታው ግን አልሰማውም። ካላማዳሪው እንደ ልቡ አላስጎነብስ ስላለው ገመዱን ፈትቶ አወለቀው፣ በጀልባዋ ጠርዝ ላይ ጣል አደረገው፣ ደረቱንም ከጠርዙ አስደግፎ ወደ ውሃው ተንጠራራ። ፈርቶ እንደነበር ያስታወሰው ሰው አልነበረም፤ ከሁሉ በላይ ራሱ ረስቶታል።

ድንገት ማንጠግቦሽ ክንዱን ጨመቀችው።

«ጋሼ! መጋዞ! ወልዳለች!»

ከሌሎቹ ትንሽ ራቅ ብላ፣ የጀርባ ክንፏ እንደ መጋዝ የተሸራረፈ አንዲት ዶልፊን ትመጣለች። ከጎኗ፣ ገና የማኅፀን እጥፋት ከገላው ያልጠፋ፣ ክንድ ተኩል የማይሞላ ልጇ ተለጥፎባታል። ሁለቱም በአንድ ላይ ይወጣሉ፣ በአንድ ላይ ይተነፍሳሉ፣ በአንድ ላይ ይገባሉ። ማንጠግቦሽ ደብተሯን ከፈተች።

«ይህ ነው የማይገባኝ» አለች። «ከተወለደ ሳምንት ቢሆነው ነው። እናቱ እንደዚህ እየሮጠች እንዴት ወደ ኋላ አይቀርም? ባለፈው ዓመትም ሌላ ልጅ አይቼ ጥያቄውን ጽፌዋለሁ። ያገኘሁት መጽሐፍ ሁሉ ዝም ይላል።»

ክንፈ ምናልባት በጥርሷ ይዛው ይሆናል አለ። ትሩፋት ወተቱ ኃይለኛ ቢሆን ነው አለች።  ደስታው ግን ዓይኑን አጥብቦ፣ በሌሊት ዳገት ላይ የሩቅ መብራት እንደሚያጠና ሾፌር ያያል።

«አይሮጥም እኮ» አለ በመጨረሻ፣ በለሰለሰ ድምፅ። «ተጎትቶ ነው።»

«እንዴት ተጎትቶ?»

«ከኤሊደር ወዲያ ያለውን ሜዳ ታውቂዋለሽ፤ አንቺማ ተኝተሽ ነው ያለፍሽው። ነፋሱ ፊት ለፊት ሲመጣ፣ ሞተሩ የደከመ መኪና ብቻውን አይወጣውም። ስለዚህ ከትልቅ መኪና ጥግ ይገባል። ትልቁ ነፋሱን ይሰብርለታል፤ የተሰበረው ነፋስ ደግሞ ትንሹን ስቦ ይወስደዋል። እግርሽን ከነዳጁ ብታነሺ እንኳ ትሄጃለሽ። ልጁን ተመልከቺ፤ ከእናቱ ጎን፣ ጥቂት ወደ ኋላ ነው። ውሃውን እየሰበረችለት ነው። አሁን ወጣ አለ... ጅራቱን መታ፣ መታ! ተመልሶ ገባ። አየሽ? መምታቱን ተወ።»

ማንጠግቦሽ አየች። ልጁ ከእናቱ ጥግ ሲወጣ ጅራቱ ይርገበገባል፤ ሲገባ ይቆማል። አንዴ፣ ሁለቴ፣ አምስት ጊዜ ቆጠረች። ከዚያ ወንድሟን ለረጅም ጊዜ አየችው፤ በሕይወቷ አዲስ ሰው እንደምታይ ሁሉ። ጎንበስ ብላ ጻፈች፤ የጻፈችውንም ጮክ ብላ አነበበች።

«ጥር ፲፯ ቀን ፲፱፻፷፪ ዓ.ም.፣ ነፋስ ከደቡብ። መጋዞ ከልጇ ጋር። ልጁ በእናቱ ጥግ ሆኖ በተሰበረው ውሃ ይሳባል። ይህን ያስተዋለው ሾፌር ደስታው ነው።»

ደስታው ፊቱ ቀላ። «ስሜ? እዚያ ውስጥ?» አለ። «እስከ ዛሬ ስሜ የተጻፈው በትራፊክ ፖሊስ ደብተር ብቻ ነበር!»

ሁሉም ሲስቁ ጀልባዋ ዘንበል አለች፤ ጠርዙ ላይ ያረፈው ካላማዳሪም ተንሸራቶ ባሕር ገባ።

ዶልፊኖቹ ይህን የመሰለ ስጦታ አግኝተው አያውቁም ነበር። አንዱ በአፍንጫው ገፋው፤ ሌላው ከሥር መጥቶ ወደ ላይ ወረወረው፤ ሦስተኛው በጅራቱ መትቶ መለሰው። ክንፈ «ግብ!» እያለ ያጨበጭባል። ነገር ግን የመጋዞ ልጅ ከእናቱ ጥግ ወጥቶ ወደዚያው ሲያመራ፣ የማንጠግቦሽ ሳቅ ቆመ።

«ጋሼ፣ አንገቱን ቢያስገባበት አያወጣውም! ውሃ ውስጥ ሆኖ መተንፈስ አይችልም እኮ!»

ናኾዳው መሪውን ይዘዋል። ከሌሎቹ የማንም ክንድ አይደርስም። ደስታው አላመነታም። «እግሬን ያዙ!» ብሎ በጠርዙ ላይ እስከ ወገቡ ተወረወረ። ክንፈ በአንድ እግሩ፣ ትሩፋት በሌላው ተንጠለጠሉ፤ ትሩፋት የምታውቃቸውን መላእክት ሁሉ በየስማቸው ትጠራለች። ማዕበሉ ፊቱን መታው፤ ጨው ዋጠ፤ ጣቱ ካላማዳሪውን ነካ፣ አመለጠው፣ እንደገና ነክቶ ጨበጠው። በዚያች ቅጽበት መጋዞ በልጇና በእሱ መካከል ሾልካ ስታልፍ፣ ጎኗ በሌላው መዳፉ ሥር ከራስ እስከ ጅራት ተንሸራተተ።

ጎትተው ሲያወጡት ውሃ ይንጠባጠባል፤ መዳፉን ግን እንደ ተአምር ከፊቱ ዘርግቶ ያያል።

«ካላማዳሪ ነው!» አለ። «ማርያምን፣ ገላዋ ልክ እንደ አዲስ ካላማዳሪ ነው! ልስልስ ያለ፣ ውጥር ያለ... ሞቅ ይላል እኮ!»

«እሱንም ልጻፈው?» አለች ማንጠግቦሽ እንባና ሳቅ ተቀላቅሎባት።

«ጻፊው እንጂ!»

ወደ አሰብ ሲመለሱም የባሕሩ ትርኢት ገና አላለቀም ነበር። ከጀልባዋ ርቆ፣ ከጸጥተኛው ባሕር መካከል፣ ነጭ እንፋሎት ወደ ሰማይ ተተኮሰ። ደስታው ከማንም ቀድሞ አየውና ጮኸ።

«ራዲያተሩ ፈላ! አቁሙ፣ ውሃ ጨምሩለት!»

ናኾዳ ሐመዱ መሪውን ለቀው ሆዳቸውን እስኪይዙ ድረስ ሳቁ። ከእንፋሎቱ ሥር፣ ተሳቢ ያልተቀጠለበትን ፊያት የሚያክል ጥቁር ጀርባ ቀስ ብሎ ወጣ፤ ማለቂያ የሌለው እስኪመስል አለፈ፤ ትንሽ ክንፍ አሳየና ባሕሩን ዘግቶ ገባ። «ዓሣ ነባሪ ነው» አለች ማንጠግቦሽ በሹክሹክታ። «በሦስት ዓመት ይህ ሁለተኛዬ ነው።» 

ከጀልባዋ ሲወርዱ ማንጠግቦሽ ደብተሯን ደረቷ ላይ አቅፋ ከወንድሟ ፊት ቆመች። ቃሏን አልረሳችም።

«እሺ፣ ጋሼ። እየጠበቅኩ ነው።»

ደስታው ካላማዳሪውን ትከሻው ላይ አንግቶ ወደ ባሕሩ አየ፤ ወደ ትሩፋትና ወደ ክንፈ አየ፤ እጃቸው እሱን በመጎተት ቀልቷል። የዝውውሩን ወረቀት ከኪሱ አወጣ። ርሷል። በጥንቃቄ አራግፎ መልሶ ከተተው።

«ሻንጣሽን እንዳታዘጋጂ» አላት።

ማንጠግቦሽ አንገቱ ላይ ተጠመጠመች። ከዚያ ድንገት ፊቷ ተለወጠ። «መሐላህስ? እማዬ በቴሌግራም ነግራኛለች።»

ደስታው ሁለት እጁን አናቱ ላይ ጫነ። ፈጽሞ ረስቶት ነበር። «መሐላው የእኔ ነው፣ ተይው» አለ። «እስከ ደሴ ድረስ መንገዱ ረጅም ነው፤ አስብበታለሁ።»

ረቡዕ ከሰዓት በኋላ የደስታው ክላክስ በደሴው ሰፈር ሲያስተጋባ፣ ቤቱ በእንግዳ ተሞልቶ፣ በጉ ታርዶ፣ ወጡ ደርሶ ነበር። ወይዘሮ ላቀች ነጠላቸውን እያስተካከሉ ወጡና በቀጥታ ወደ ጋቢናው የተሳፋሪ በር ሄደው ከፈቱት። በማንጠግቦሽ ወንበር ላይ፣ በገመድ በደንብ የታሰረ፣ አንድ የተነፋ ካላማዳሪ ተቀምጧል።

«ልጄስ?»

«ደኅና ናት፣ እማዬ። ሳመችሽ።»

«ልጄስ ነው የምልህ! ግባና ንገረኝ!»

«አልገባም፤ ምያለሁ።» ደስታው ከመኪናው ወርዶ፣ ጫማው ከደጃፉ አንድ ክንድ ሲቀረው ቆመ። ቤተ ዘመዱ ሁሉ ወጥቶ ከበበው። አቶ ወሰኔ በባርኔጣቸው ራሳቸውን እያራገቡ፣ «ስምንት ወር የለፋሁበት ወረቀትስ?» አሉ። ደስታው ጨው የነጣበትን ወረቀት በሁለት እጁ አክብሮ አስረከባቸው። «ይኸው አጎቴ። ፊርማ አልነካውም፤ ባሕር ግን ነክቶታል።»

ወይዘሮ ላቀች ሊያለቅሱ ሲቃጡ ደስታው ቶሎ አለ። «ጥግ የላትም ብለሽ አይደል? አላት። እኔ ተዘቅዝቄ ባሕር ውስጥ ስንጠለጠል እግሬን ይዘው ያተረፉኝ ባልደረቦቿ ናቸው። እንዲያ ያለ ጎረቤት እዚህም የለን።»

«ባሕር ገባህ? አንተ?» አሉ አክስቱ ብርቅዬ። «ምን ልታደርግ? ዓሣ ልትይዝ?»

«ዓሣ አይደሉም፣ አክስቴ። ያጠባሉ።»

«በስመ አብ!»

ወጡ ውጭ ድረስ መጣለት፤ ደስታው ከመኪናው ጎማ በላይ ባለው ፓራፋንጎ ላይ ተቀምጦ፣ ደጃፉን እያየ በላ። እጁን ከታጠበ በኋላ ቆሞ ጉሮሮውን ጠረገ። ድምፁ እስከ ታችኛው ሰፈር ተሰማ።

«ሁላችሁም ስሙኝ! ማንጠግቦሽ አሰብ ትቀራለች። ይህን የወሰንኩት እኔ ነኝ፣ እሷን አትውቀሱ። ሰኔ ላይ ትምህርት ቤት ሲዘጋ ይዣት እመጣለሁ፤ የዚያን ዕለት አብረን ይህን ደጃፍ እንረግጣለን። እስከዚያ ድረስ እኔም እንደ አባቴ በአጥር ላይ እጫወታለሁ፤ ምግቤንም እዚሁ ታወጡልኛላችሁ። አንቺ ደግሞ፣ እማዬ፣ ልብስሽን አዘጋጂ፤ የፊታችን ማክሰኞ ወደ አሰብ ስወርድ ከጎኔ ትቀመጫለሽ። መጋዞን ከነልጇ በዓይንሽ ታያለሽ። አትፍሪ፣ ካላማዳሪውን የነፋሁት ለአንቺ ነው።»